ሌሊት የሚያቃጥል እግር፦ የስኳር ሕመም የነርቭ ሥቃይና ሕክምናው
(በቦሌ ክፍለ ከተማ ለነዋሪዎች ከተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)

ከመካከላችሁ ስኳር ያለባችሁ አላችሁ፤ ስኳር ያለበት እናት ወይም አባት የምታስታምሙም አላችሁ። ንግግሬ ለሁለታችሁም ነው።

ስለ ስኳር ሕመም ብዙ ሰምታችኋል፤ ስለ እንጀራው መጠን፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ኢንሱሊኑ። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የሚያመጣው ሥቃይና ሕክምናው። ይህን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ሕመምተኛው በቀጠሮው ቀን ስለ ስኳሩ መጠን ይጠየቃል፣ ደም ግፊቱ ይለካል፤ ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሳው እግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። እሱም «ከስኳሩ ጋር የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ሊባል የሚገባው ነገር አይደለም። ሥቃዩ የሚቀንስበት መንገድ አለ፤ መንገዱም ብዙዎች እንደሚያስቡት ባሕር ማዶ ያለ አይደለም፣ አቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ሊጀመር ይችላል።

በቅድሚያ ሥቃዩ ምን እንደሆነና ከምን ከምን ጋር እንደሚምታታ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ወደ መድኃኒቶቹ እገባለሁ፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከዚያ ስለ ስኳሩ ራሱና ስለ ቫይታሚን፣ በመጨረሻም ስለ እግር ጥንቃቄ እናገራለሁ።

ሕመምተኞች ይህን ሥቃይ ሲገልጹት ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ያብራሩታል። «እሳት ላይ የቆምኩ ያህል ያቃጥለኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «በመርፌ ይወጋጋኛል»፣ «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል»፣ «ብርድ ልብሱ እንኳ ሲነካኝ አልችልም» ይላሉ። ቀን በሥራና በሰው መካከል ሲሆኑ ጋብ ይላል፤ ማታ አልጋ ላይ ሲወጡ ይነሣባቸዋል። ፓቪ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 የስኳር ሕመምተኞቹን ሥቃይ ሲመዘግብ የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ ማቃጠሉን፣ የቆዳውን መቆጣት፣ ሌሊት መባሱን። ቦታና ዘመን ቢለያይም ሕመሙ አንድ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ወደ እግር ጣት የሚወርዱት ነርቮች ከወገብ ተነሥተው አንድ ሜትር ያህል የሚጓዙ፣ በሰውነት ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሞቹ ናቸው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቩን ራሱንም፣ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል፤ ረጅሙ ነርቭ ደግሞ ከጫፉ ይጀምራል። ስለዚህ ሕመሙ ከሁለቱም እግር ጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ጉልበት ሲጠጋ የእጅ ጣቶችም መደንዘዝ ይጀምራሉ። የተጎዳው ነርቭ ሌባ ሳይመጣ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮህ የግቢ ውሻ ነው፤ እግሩ ላይ ቁስል ሳይኖር፣ እሳት ሳይነካው፣ ወደ አንጎል የሥቃይ መልእክት ይልካል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ መድኃኒቱን ለመረዳት ይጠቅማችኋል። ሥቃዩ ያለው ሥጋው ላይ ሳይሆን በመልእክቱ መንገድ ላይ ነው።

ስንቱን ሰው ይነካል? ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ስኳር ነበረባቸው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዕድሜ ዘመናቸው የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል። ሁሉም አይሠቃዩም፤ አንዳንዱ ሥቃይ ሳይሰማው መደንዘዝ ብቻ ያገኘዋል። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ፤ እንዲያውም የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እኛ አገር ይህ ሥቃይ በስሙ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ «ሪህ ነው» ይላል፣ ሥጋ ያቆማል። ሌላው «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል፣ እግሩን ጠቅልሎ ይተኛል። እናት ወደ መድኃኒት ቤት ገብተው «የኔ ልጅ፣ ለእግሬ የሚሆን ነገር ስጪኝ» ይላሉ፤ ዲክሎፌናክ ይዘው ይወጣሉ። ሪህ ሲሆን ግን አንድ መገጣጠሚያ፣ ብዙ ጊዜ የአውራ ጣቱ ግርጌ፣ በድንገት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። የወገብ ዲስክ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር በኩል ከዳሌ ወደ ታች ይወርዳል። የደም ሥር ጥበት ሲሆን ሲራመዱ ባት ይይዛል፣ ቆም ሲሉ ይለቃል። የስኳር ነርቭ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ ከጣት ይጀምራል፣ በዕረፍትና በሌሊት ይብሳል።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ስላቃጠለው ብቻ ግን ምክንያቱ ስኳር ነው ብሎ መደምደም አይገባም። አረቄና ሌላ መጠጥ ነርቭ ይጎዳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ፣ ቫይታሚን ቢ6 ካልተሰጠበት፣ ይህንኑ ማቃጠል ያመጣል። ቀድሞ ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የብዙ ሰው እግር ላይ ምልክቱን ጥሎ አልፏል። የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፣ የቢ12 እጥረት፣ የሥጋ ደዌም አሉ። ሐኪም እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቆ ማለፍ አለበት።

ምርመራው ራሱ ውድ አይደለም። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ጫማችሁን አስወልቀው የ10 ግራም ግፊት ባለው ቀጭን የናይለን ክር የእግራችሁን መዳፍ ይነካሉ፤ አውራ ጣት ላይ የሚንቀጠቀጥ የብረት ሹካ ያስቀምጣሉ፤ ቁርጭምጭሚትን በትንሽ መዶሻ ይመታሉ፤ የእግር ትርታውን ይዳስሳሉ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በቦሌ መንገድ ላይ የምስል ምርመራ ማዕከል በየሕንጻው አለ፤ የወገብ ኤምአርአይ ውጤት በትልቅ ፖስታ ይዘው፣ እግራቸው ግን አንድም ቀን ሳይታይ የሚመጡ ሕመምተኞች አሉ። ገንዘቡ ለመድኃኒት ቢውል ይሻል ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ ልለፍ። ከማይሠራው ልጀምር። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው የሚሠሩት ሥጋ ሲቆጣና ሲያብጥ ነው። ቅድም እንዳልኩት የነርቩ ሥቃይ መልእክቱ ላይ ያለ ስለሆነ እነዚህ ኪኒኖች አያገኙትም። ጉዳታቸው ግን ይቀራል፤ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ከሁሉም በላይ ስኳር አስቀድሞ የጎዳውን ኩላሊት ይጎዳሉ። ስኳር ያለበት ሰው በየወሩ የዲክሎፌናክ መርፌ ሲወጋ መስማት ያሳዝነኛል። ለእግሩ ብሎ ኩላሊቱን እየከፈለ ነው።

የሚሠሩት ዋና ዋና መድኃኒቶች አራት ናቸው ብል ብዙም አልሳሳትም፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲን።

አሚትሪፕቲሊን ከሁሉም ቀድሞ የመጣ፣ ከሁሉም የረከሰም ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለድባቴ ሕክምና ወጣ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ተቀብሎ ቤቱ ይሄዳል፤ ልጁ ስልኩ ላይ ስሙን ይፈልግና «አባባ፣ ይህ እኮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው» ይለዋል። አባት ይደነግጣሉ፣ «እኔ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የምላክ ሰው ነኝ ወይ?» ብለው መሳቢያ ውስጥ ይጥሉታል። በመጀመሪያ፣ የአእምሮ ሕመም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቀጥሎ ግን መድኃኒቱ ለነርቭ ሥቃይ የሚሰጠው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ማክስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሚትሪፕቲሊን የስኳርን የነርቭ ሥቃይ ድባቴ ባለበትም በሌለበትም ሰው ላይ እንደሚቀንስ አሳዩ። ከአንጎል ወደ ጀርባ አጥንት ቱቦ ወርደው የሥቃይን መልእክት የሚያፍኑትን ኬሚካሎች ያጠነክራል፤ ለነርቭ ሥቃይ የሚታዘዝበት መጠንም ለድባቴ ከሚሰጠው ያነሰ ነው።

አወሳሰዱ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በማታ፣ ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀድሞ፣ እንበል ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ለአረጋዊ የ25ቱ ግማሽ ይበቃል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያፈዛል። አብዛኛው ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለምደዋል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ሽንት የሚያግደው የፕሮስቴት ሕመምተኛ፣ የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ግን ለሐኪሙ ሳይነግር አይጀምረው፤ በዕድሜ ለገፉት የልብ ምርመራ ወረቀት አስቀድሞ ቢታይ ጥሩ ነው። በሌሊት ለሽንት የሚነሡ አረጋውያን ሊንገዳገዱ ስለሚችሉ ኮሪደሩ ላይ መብራት ይቆይላቸው።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም መጀመሪያ ለሚጥል በሽታ የተሠሩ ሲሆን የተቆጣው ነርቭ የሚለቀውን መልእክት ያበርዳሉ። ጋባፔንቲን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፕሪጋባሊን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ያፈዛሉ፣ ያዞራሉ፣ እግር ያሳብጣሉ፣ ክብደት ይጨምራሉ። ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል ስለሆነ መጠናቸው የሚወሰነው በኩላሊቱ አቅም ነው፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የክሬቲኒን ምርመራ ጠይቁ። ዱሎክሴቲን እንደ አሚትሪፕቲሊን የድባቴ መድኃኒት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ለስኳር የነርቭ ሥቃይ ተፈቀደ፤ በቀን 60 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፣ መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው አይሰጥም።

ከነዚህ የትኛው ይበልጣል? እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ፤ ለዚህ አካባቢ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ነው። መድኃኒት በሻንጣ የሚገባው በዚህ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከዳላስ፣ ከዱባይ ልጅ ለእናቱ ፕሪጋባሊን ይልካል፣ ዱሎክሴቲን ይልካል፣ ስሙ የማይታወቅ የነርቭ ቫይታሚን በጠርሙስ ይልካል። ፍቅሩ የሚከበር ነው። ነገር ግን የውጭው ውድ መድኃኒት ከአገሩ ርካሽ መድኃኒት ይበልጣል የሚለው እምነት በሳይንስ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ጥናት 130 የስኳር ነርቭ ሕመምተኞችን በሦስት መንገድ አከመ። አንዱ መንገድ በአሚትሪፕቲሊን፣ ሌላው በዱሎክሴቲን፣ ሦስተኛው በፕሪጋባሊን ጀመረ፤ በአንዱ ያልተሻለው ሁለተኛ መድኃኒት ተጨመረለት። እያንዳንዱ ሰው ሦስቱንም መንገድ በየተራ ሞከረ። ከ16 ሳምንት በኋላ ሥቃዩ ከ10 ነጥብ 6.6 ከነበረበት በሦስቱም መንገድ ወደ 3.3 ወረደ። ልዩነት አልተገኘም። ርካሹ ከውዱ እኩል ሠራ።

ከዚሁ ጥናት ሌላም ትምህርት አለ። በአንድ መድኃኒት በቂ እፎይታ ያላገኙት ሁለተኛው ሲጨመርላቸው ተጨማሪ እፎይታ አገኙ። ስለዚህ አንዱ ካልበቃ ጥሎ ወደ ሌላ መዝለል ብቻ አይደለም መፍትሔው፤ በሐኪም ቁጥጥር ሁለቱን በመጠን ማጣመርም ይቻላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ካለ፣ ርካሽም ከሆነ፣ ለምን ይህን ያህል ሰው ሳይሻለው ይኖራል? በእኔ ፍርድ ትልቁ ምክንያት መጠንና ጊዜ ነው። ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ታዝዞለት ዓመት ሙሉ እዚያው ላይ የቆየ ሰው መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም፤ ብዙዎች እፎይታ የሚያገኙት በቀን 1800 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ሲደርሱ ነው። አሚትሪፕቲሊንን አምስት ቀን ወስዶ «አልሠራም» ብሎ የተወም እንዲሁ፤ ውጤቱ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይ ሲመጣ የሚዋጡ አይደሉም፤ አመመም አላመመም በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው። ለመተውም ሲፈለግ በአንድ ቀን አይቆረጡም፣ እንደተጀመሩት ቀስ ተብሎ ይቀነሳሉ። ሁለተኛው ምክንያት ተስፋችን ላይ ያለ ስህተት ነው። ሙሉ በሙሉ የሚጠፋለት ሰው ጥቂት ነው። ከ10 ነጥብ 8 የነበረ ሥቃይ 4 ከሆነ፣ ሰውየው ሌሊቱን ተኝቶ ካደረ፣ ሕክምናው ሠርቷል። ስለዚህ በትንሽ ደብተር ላይ በየማታው ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጣችሁ ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ከ«ትንሽ ይሻላል» ይልቅ ከዚያ ደብተር ብዙ ያነባል።

ስለ ትራማዶል አንድ ቃል። ሥቃይ ያስታግሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሱስ ያስይዛል፤ ከአሚትሪፕቲሊን ወይም ከዱሎክሴቲን ጋር ሲወሰድ ደግሞ የሚጥል መንቀጥቀጥና ሌላ አደገኛ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። ለዓመታት ለሚቆይ ሕመም የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ለወጣቶች በድብቅ እየተሸጠ የሚያደርሰውን ጥፋት ሰፈራችን ያውቀዋል።

ከሚቀቡት ውስጥ የቃሪያና የበርበሬ ማቃጠያ ንጥረ ነገር የሆነው ካፕሳይሲን አለ። ቆዳ ላይ ሲለጠፍ የሥቃይ ነርቭ ጫፎችን ያደክማል፤ 8 በመቶ የያዘው ልጥፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ለስኳር ሕመምተኛ እግር ተፈቅዷል። ይህን ሰምታችሁ ቤት ውስጥ ሚጥሚጣ በቅባት ለውሳችሁ እንዳትቀቡ አደራ። በሐኪም እጅ የሚለጠፈውና የጓዳው ሚጥሚጣ አይገናኙም፤ የደነዘዘ እግር ላይ ቁስል ይፈጥራል። ከጀርባ አጥንት አጠገብ የሚቀበር ኤሌክትሪክ መሣሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ መድኃኒት ሁሉ ለከሸፈበት ሰው የሚሆን፣ ዋጋው የከበደ ነገር ነው።

መድኃኒቶቹን በዚህ ልተውና ወደ ስኳሩ ልመለስ። እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ ሥቃዩን ያበርዳሉ እንጂ ነርቩን አያድኑም። ነርቩን የሚጠብቀው ስኳሩን መቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ታላቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ስኳራቸውን በጥብቅ ሲቆጣጠሩ የነርቭ ጉዳት ዕድላቸው 60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በአዋቂነት በሚመጣው በሁለተኛው ዓይነት ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ ነው፤ እዚያ ላይ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ የደም ቅባት፣ ሲጋራና እንቅስቃሴም ድርሻ አላቸው። ከሰሚት ኮንዶሚኒየም እስከ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በጥሩ ጫማ በእግር መሄድ ሕክምና ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በድንገት ሲወርድ፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይን የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት በሦስት ወር ውስጥ ከሁለት የመቶኛ ነጥብ በላይ ሲቀንስ፣ ሥቃዩ በኃይል ሊነሣ ይችላል። ሕመምተኛው ኢንሱሊን በጀመረ በጥቂት ሳምንት እግሩ ይነድበታል፣ «ኢንሱሊኑ ገደለኝ» ብሎ ያቆማል። ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ ስኳሩ በተስተካከለበት ሲቆይ በወራት ውስጥ ይበርዳል። ኢንሱሊኑን ማቆም ስህተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሐኪሙ ስኳሩን ቀስ አድርጎ እንዲያወርድና በዚያ ወቅት የሥቃይ መድኃኒት እንዲጨምር መጠየቅ ነው።

ቫይታሚንን በተመለከተ በተለይ ለጾመኞች የምለው አለኝ። ሜትፎርሚን፣ አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ የሚወስደው ኪኒን፣ ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቢ12 የተባለውን ቫይታሚን ከምግብ እንዳይስብ ያደርጋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። አሥር ዓመት ሜትፎርሚን የወሰዱ፣ ሁሉንም አጽዋማት የሚጾሙ እናት የቢ12 እጥረት ሊኖርባቸው ይችላል፤ እጥረቱ ራሱ ልክ እንደ ስኳር እግር ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል። ልዩነቱ ይህኛው የጎደለውን ቫይታሚን በመተካት የሚታከም መሆኑ ነው። ጾሙን ተዉ አልልም። የደም ምርመራውን ጠይቁ፣ ካነሰም መርፌውን ወይም ኪኒኑን ውሰዱ እላለሁ።

ያልተመረመረ ሰው ግን በየሳምንቱ «የነርቭ መርፌ» እየተባለ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀለበትን ሲወጋ መኖሩን አልደግፍም። እጥረት ለሌለበት ሰው ሥቃዩን የሚቀንስ በቂ ማስረጃ የለውም። ይባስ ብሎ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የስሜት ነርቭን ይጎዳል። ይህ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። መርፌም፣ ከውጭ የመጣ ጠርሙስም፣ የጉልበት ኪኒንም አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ምን ያህል ቢ6 ወደ ሰውነቱ እንደሚገባ ይደምር።

ጠበልስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የእምነታችሁ ነገር የእናንተ ነው። በኤችአይቪ ዘመን የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ መናገራቸውን አስታውሱ። ለስኳርም ያው ነው፤ ኢንሱሊኑን ቤት ጥላችሁ አትሂዱ። ወጌሻ ጋ ሄዶ የደነዘዘ እግር ማሳሸት ወይም በጋለ ነገር ማስተኮስ ግን በማንም ምክር ቢሆን አይደረግ።

የመጨረሻው ክፍል ስለ እግር ጥንቃቄ ነው። ቅድም መደንዘዝ የበለጠ ያሳስበኛል ያልኩት ለዚህ ነው። ለዓመታት ያቃጠለ እግር አንድ ቀን ዝም ሲል ሰው «ዳንኩ» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ ጨርሶ ሞቶ ነው። የማይሰማው እግር ሚስማር ይወጋዋል፣ ጫማ ይልጠዋል፣ ሰውየው አያውቅም። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ መጨረሻው እስከ መቁረጥ ይደርሳል።

ይህን እውቀት ዓለም ያገኘው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ፖል ብራንድ የተባለው ሐኪም በሕንድ፣ በኋላም በአሜሪካ ካርቪል ሲሠራ የሕሙማኑ ጣትና መዳፍ የሚጠፋው ሥጋቸው በስብሶ ሳይሆን ስሜት በሌለው እጅና እግር ላይ በየቀኑ በሚደርስ ጉዳት መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ያው ጥንቃቄ ለስኳር ሕመምተኛ እግር ተላለፈ። በ1958 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርት ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ በመሥራትና ሕሙማን እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ በማስተማር ለአፍሪካ ሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ኖሯል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን የተማሩትን እኛ የማንማርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በየማታው እግራችሁን በብርሃን እዩ፤ መዳፉን ለማየት መስታወት ተጠቀሙ ወይም ልጅ ይይላችሁ። በሙቅ ውሃና በጨው መዘፍዘፍ የለመዳችሁ ተዉት፤ የደነዘዘ እግር ውሃው መፍላቱን አይነግራችሁም። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፣ ሙቀቱንም በክርናችሁ ለኩ። የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፤ ቢሆንም የከሰል ማንደጃና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወደ እግር አታስጠጉ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጉ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጫማ ስታወልቁ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ አድርጋችሁ ግቡ፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ የግቢ ድንጋይ ላይ በባዶ እግር አትቁሙ። አዲስ ጫማ ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ ግዙ፣ ከማድረጋችሁ በፊትም እጃችሁን አስገብታችሁ ጠጠር እንዳይኖር ፈትሹ።

ይህ ሁሉ ትልቅ ሆስፒታል የሚጠይቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶችን አሠልጥነው የስኳር ሕመምተኞች በቅርባቸው እንዲታከሙ አድርገዋል። እዚያ የተቻለ እዚህ ገርጂና ጎሮ አይቻልም አልልም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ባትጠየቁም፣ ጫማችሁንና ካልሲያችሁን አውልቃችሁ «እግሬን ይዩልኝ» በሉ። የሌሊቱን ደብተር አሳዩ። የክሬቲኒንና የቢ12 ምርመራ ያስፈልጋችሁ እንደሆን ጠይቁ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ከውጭ የመጣውንም ቢሆን፣ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒት ከተጀመረላችሁ ስድስት ሳምንት ስጡት፣ ካልበቃም መጠኑ እንዲጨመር ጠይቁ። እግራችሁ ላይ ቁስል፣ የቆዳ መጥቆር ወይም እብጠት ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ባያማችሁም በዚያው ቀን ሂዱ።